በጮቄ ተራራ ላይ የሙት ዓመት መታሰቢያ ጉዞ ለማዘጋጀት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው የጮቄ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ይላል። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋና ተምጫን የመሳሰሉ፣ ውኃቸውን ለአባይ የሚያስረክቡ ወንዞች የሚነሡትም ከዚሁ ተራራ ነው። ጎጃም ተወልዶ ያደገን ሰው ሙት ዓመት እዚያ ላይ ቆሞ ማሰብ ለቤተሰቡም ለወዳጆቹም ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ኀዘን ያልወጣላቸውን እናቶችና በዕድሜ የገፉ አባቶችን ጭምር ይዞ ወደዚያ ከፍታ መውጣት ከሽርሽር የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል። ይህ መመሪያ ከ20 እስከ 30 ሰው የሚሆን ቡድንን በማሰብ የተጻፈ ነው። በውስጡ ያሉት ውሳኔዎች ሁሉ የሚለኩትም በአንድ ነገር ነው፦ ከቡድኑ መካከል ጉልበቱ እጅግ የደከመው ሰው በደኅና ወጥቶ በደኅና መመለስ አለበት።

አንደኛ፦ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

ጓደኞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ጉዞውን ያሰቡት እንደሆነ፣ ለሌላ ለማንም ከመንገራቸው በፊት የሟችን የቅርብ ቤተሰብ ቤቱ ድረስ ሄደው ማነጋገር ይኖርባቸዋል። በስልክ የሚጨረስ ጉዳይ አይደለም። ሁለት ሆነው፣ ከተቻለም አንድ ሽማግሌ አስከትለው ቢሄዱ መልካም ነው። በዚያው ዕለት ሦስት ነገሮች ተለይተው መታወቅ አለባቸው፤ ቤተሰቡ ጉዞውን ይፈልገዋል ወይ፣ ከቤተሰቡ ማን ይወጣል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ተዝካር መቼና የት ይደረጋል። የተራራው ጉዞ ተዝካሩን አይተካውም፤ ከተዝካሩም ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ባይገናኝ ይሻላል፤ ምክንያቱም ድግስ ደግሶ የደከመ ቤተሰብ በማግሥቱ ተራራ ሊወጣ አይችልም።

ቀጥሎ የሚወሰነው የመታሰቢያው ቦታ ነው። በእኔ አመለካከት በዕቅዱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔ ይህ ነው። ብዙ ሰው «መታሰቢያው ጫፉ ላይ ይሁን» ይላል። እንዲህ ከሆነ ግን ጫፍ መድረስ ያቃታት እናት የልጇ ስም ሲጠራ በሌለችበት ትቀራለች፤ አለዚያም ላለመቅረት ስትል ከአቅሟ በላይ ትወጣለች። ስለዚህ ቦታው ከመኪና መንገዱ ብዙ ያልራቀ፣ ሜዳማ፣ ከነፋስ በመጠኑ የተከለለና በበቅሎ የሚደረስበት እንዲሆን ይመረጥ። ሥነ ሥርዓቱ ሁሉም ባሉበት እዚያ ይፈጸማል፤ ጫፉን የሚመኙ ጎልማሶች ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ወጥተው ሊመለሱ ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ ቀኑን መቁረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ጮቄ ዝናብ፣ ጉምና ጭቃ ነው፤ በዚህ ወቅት መኪናም በቅሎም ይቸገራሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ነው፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ከየካቲት ወዲያ የበልግ ደመና ሊመጣ ይችላል።

ከአየሩ ጋር አብሮ የሚታየው ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል። እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች በከፍታ ላይ በቀላሉ ይዝላሉ፤ ሲደክማቸውም ጾሙን ላለማፍረስ ሲሉ ይደብቁታል። በመሆኑም ከሁሉ የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ምርጫ ደግሞ ከገና በኋላ ያለው ጥር ነው። ጥር 11 የጥምቀት በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን መኪናም ማደሪያም አይገኝም። ረቡዕና ዓርብን ከመውጫው ዕለት ማውጣትም ተገቢ ነው። ሙት ዓመቱ የግድ በጾም ወቅት የሚውል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጿሚ ከነፍስ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይመካከር።

በአካባቢው የአጨዳ ሰሞን ገበሬው ከነበቅሎው ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ በገበያ ቀንም እንስሳቱ ገበያ ስለሚወርዱ፣ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት የሠፈሩን ሰው መጠየቅ አይዘንጋ።

ሦስተኛ፦ ጸጥታና ፈቃድ

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ምክንያት የጎጃም መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉና ሲከፈቱ፣ ስልክና ኢንተርኔትም ሲቋረጥ ቆይቷል። ይህን ያላገናዘበ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። ከጉዞው አንድ ወር በፊት፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በመጨረሻም በዋዜማው ሁለት ዓይነት ሰዎች መጠየቅ አለባቸው፦ የወረዳው አስተዳደር፣ እንዲሁም በመንገዱ በየቀኑ የሚመላለሱ ሹፌሮችና የአካባቢው ነዋሪዎች። ሁለቱ የሚሉት የማይገጥም ከሆነ ጉዞው ይተላለፍ። መታሰቢያ ቀኑ ቢያልፍም ይደረጋል። ጉዞው የሚካሄደው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ የታመመ ሰው ለማውረድ ካልሆነ በቀር ምሽት ላይ መንገድ መግባት አይፈቀድ።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በሮብ ገበያ በኩል የሚወጣ ቡድን ከስናን ወረዳ፣ በድጓ ጽዮን በኩል የሚመጣ ደግሞ ከቢቡኝ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ደብዳቤው የቡድኑን ስም ዝርዝር፣ የመጡበትን ከተማ፣ የጉዞውን ምክንያት፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የአስተባባሪውን ስልክ ይያዝ። ቅጂው በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ብዙ ሰው ጥቁር ለብሶ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ነገሩን የማያውቅ ሊጠራጠር ስለሚችል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርና የአጥቢያው ካህን ቀድመው እንዲያውቁት ማድረግ ይገባል። ፎቶ በድሮን ለማንሣት ያሰበ ሰው ካለ፣ ድሮን የራሱ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ቤቱ ትቶት ይምጣ።

አራተኛ፦ ሥራና ገንዘብ መከፋፈል

አምስት ኃላፊዎች ይበቃሉ፤ ዋና አስተባባሪ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የጤና ኃላፊ፣ የምግብና የጭነት ኃላፊ፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ። የሟች የቅርብ ዘመድ ከእነዚህ በአንዱም ላይ ባይመደብ እመክራለሁ፤ በዚያ ቀን ሥራው ማዘን ብቻ መሆን አለበት። ዋና አስተባባሪው «ከዚህ በላይ አንወጣም» ሲል የማይጠየቅበት ሥልጣን እንዳለው በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሁሉም ሰምቶ ይስማማ።

መዋጮው እንደ ዕድር በስምና በደረሰኝ ይሰብሰብ። ወጪው ሲተመን ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የበቅሎና የጫኝ ክፍያ፣ የመሪ አበል፣ መድኃኒትና ለካህናት የሚሰጠው በየመስመሩ ይጻፍ፤ በድምሩ ላይ ከመቶ 15 ያህል መጠባበቂያ ይጨመር። የቤተሰቡ አባላት ባያዋጡ የተሻለ ነው። መክፈል የተቸገረ ወዳጅ ካለም ገንዘብ ያዡ ብቻ ያውቅለት፤ ሰው ሁሉ ፊት እንዲነገር አይደረግ።

አምስተኛ፦ የተጓዦች ጤና

እያንዳንዱ ተጓዥ ዕድሜውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ያለበትን ሕመምና የቅርብ ተጠሪውን ስልክ ለጤና ኃላፊው በምሥጢር ይስጥ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ አስም፣ ስኳር ወይም የደም ማነስ ያለበት እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከሐኪም ጋር ሳይማከሩ አይመዝገቡ። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል የሚታዘዝ አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ሐኪም ያላዘዘለት አይውሰደው። የእንቅልፍ ኪኒን በከፍታ ላይ አተነፋፈስን ሊያዳክም ስለሚችል አይወሰድ።

ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ተጓዦቹ በሳምንት ሦስት ቀን ዳገት ያለበት መንገድ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራመዱ። ለጉዞው የሚደረገው ጫማም በእነዚሁ ቀናት ይለመድ፤ አዲስ ጫማ እግር ይልጣል።

ስድስተኛ፦ መንገዱና ከፍታውን መልመድ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ በደጀን ይወጣል፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ጊዜ ስለሚወስድ በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር ለሚመጣም ጉዞው የአንድ ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ማደሪያ ደብረ ማርቆስ ይሁን። ነዳጅ የሚሞላውም፣ የመለዋወጫ ጎማ የሚታየውም እዚያው ነው።

ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ አድርጎ ወደ ድጓ ጽዮን የሚሻገረው መንገድ የጮቄን ከፍተኛ ቦታ ያቋርጣል። መኪና እንዲህ ከፍ ድረስ መውጣቱ ለሽማግሌዎች በረከት ነው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በመኪና የተሳፈረ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቱን በእግሩ ስላልወጣው አይደክመውም፤ ሰውነቱ ግን ገና አልለመደም። በ4,000 ሜትር ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት ጉዞው በአንድ ቀን መጣደፍ የለበትም። በሁለተኛው ቀን ወደ ተራራው ወገብ ወጥቶ ሁለትና ሦስት ሰዓት በዝግታ ተራምዶ ማደር፣ መታሰቢያውን በሦስተኛው ቀን ማድረግ ይገባል። የሚታደርበት ቦታ ከ3,000 ሜትር ብዙ እንዳይርቅ ይሁን። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል የመዘገበው የጮቄ ተራሮች ኢኮቪሌጅ እንግዳ የሚቀበል ስለሆነ፣ ለዚህ ቁጥር የሚሆን ማደሪያ መኖሩን አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ ይቻላል። ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከአሶሳና ከመሰሉት ቆላማ ቦታዎች ወይም ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶች ከሌላው ቀድመው ገብተው ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ሌሊት ይደሩ።

ሰባተኛ፦ ጭነት፣ ምግብና ውኃ

የበቅሎ ቁጥር በግምት አይወሰን፤ ይሠላ። ለምሳሌ ቡድኑ 24 ሰው ቢሆንና የእያንዳንዱ ጓዝ ከ10 ኪሎ ባይበልጥ 240 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ምግብ ለሁለት ቀን ሲታሰብ 72 ኪሎ፣ ድስት፣ ምድጃ፣ ሸራና የመድኃኒት ሣጥን ደግሞ 80 ኪሎ ያህል ቢመጡ ድምሩ 392 ኪሎ ነው። በዚህ ከፍታ አንዲት በቅሎ ከ50 ኪሎ በላይ እንዳትሸከም ቢደረግ ስምንት በቅሎ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሌላ ሁለት በቅሎዎች ኮርቻ ተጭነው ባዶአቸውን ይከተሉ፤ የደከመ ሰው ሲኖር የሚቀመጥባቸው እነርሱ ናቸው። «ባዶ በቅሎ ለምን እንከፍላለን?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ መልሱ ይህ ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ መሆኑ ነው። የጫኞቹ ክፍያ፣ የእነርሱና የእንስሳቱ ቀለብም ጭምር፣ ከመነሣት በፊት በምስክር ፊት ተነግሮ ይለቅ።

ምግቡ ብዙ ማብሰል የማይፈልግ ይሁን። በ4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርም ሩዝም ሲንተከተክ ይውላል እንጂ በወጉ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ስኳርና ሻይ ለዚህ ቦታ የተመቹ ናቸው። በከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ፣ በሶው በስኳር ወይም በማር ተበጥብጦ በየሰዓቱ በትንሽ በትንሹ ቢሰጥ ይወሰዳል። ለማብሰያ የጋዝ ምድጃ ይያዝ፤ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ እንጨቱ በዚያ ብርድ ተመልሶ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነውና።

ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ውኃ ይታሰብ። ከምንጭ የተቀዳ ውኃ ምንም ቢጠራ ከላይ ከብት ሊግጥ ስለሚችል ይፈላ ወይም በውኃ አጋር ይታከም። ምንጩ የጠበል ቦታ ከሆነ ደግሞ ከመቅዳት በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ይገባል።

አረቄ በጓዝ ውስጥ አይግባ። ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል እንጂ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፤ የከፍታ ሕመምንም ይሸፍናል።

ልብስን በተመለከተ፣ ጋቢ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፤ ከረጠበ ግን ይከብዳል፤ ቶሎም አይደርቅም። ከላይ ዝናብና ነፋስ የሚከላከል ካፖርት፣ ከሥር የሱፍ ሹራብ፣ ለሽማግሌዎች በርኖስ፣ ለሁሉም ጓንት፣ ኮፍያና ቅያሪ ካልሲ ያስፈልጋል። ቀን ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ባርኔጣና የፀሐይ ቅባትም ይያዝ።

ስምንተኛ፦ የመውጫው ዕለት

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሻይና በሶ ይቅረብ፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጉዞ ይጀመር። ቡድኑ ስምንት ስምንት ሆኖ ይከፈል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ መሪና አንድ የኋላ ደጀን ይኑረው፤ ደጀኑን የሚቀድም እንጂ ከደጀኑ ኋላ የሚቀር ሰው አይኖርም። ርምጃውን የሚወስነው ፊት የሚሄደው ወጣት ሳይሆን በዕድሜ የገፋው ሰው ነው፤ ስለዚህ እርሱ ከመሪው ቀጥሎ ይሂድ። እየተራመዱ መነጋገር ካቃተ ርምጃው ፈጥኗል ማለት ነው። በየ45 ደቂቃው ዕረፍት ይደረግ፤ በየዕረፍቱ ሰው ይቆጠር። ስልክ በማይሠራበት ቦታ እንዲረዳ ለየመሪውና ለየደጀኑ ፊሽካ ይሰጥ።

አንድ መኪና፣ ሹፌሩ ሳይርቅ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ለመታሰቢያው ቦታ በሚቀርበው የመንገድ ጠርዝ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቁም። ይህ መኪና ለሌላ ጉዳይ አይላክም።

መታሰቢያው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ቢጀመር መልካም ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ድምፅ አይሰማም፤ ደመናም ሊወርድ ይችላል። ወደ ጫፉ የሚወጡት በማንኛውም ሁኔታ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ፊታቸውን ይመልሱ፤ ጫፉ ሃምሳ ርምጃ ቢቀረውም።

ዘጠነኛ፦ ሥነ ሥርዓቱ

ጸሎተ ፍትሐት የካህን ሥራ ስለሆነ ካህን ካለ ቅድሚያው የእርሱ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሙስሊም ወዳጆች ካሉ ዱዓ የሚያደርጉበት ጊዜ ከፕሮግራሙ አይጉደል። ከዚያ በኋላ የሕይወት ታሪኩ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ይነበብ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አጭር ቃል ይናገሩ። ጠቅላላው ከ40 ደቂቃ አይለፍ፤ ቆሞ የሚቆይ ሰው ይበርደዋልና።

ልቅሶ ይኖራል፤ ሊኖርም ይገባል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ ከልብ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጥና ያዞረዋል፤ ደረቱን እየመታ የሚያለቅስ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የቅርብ ቤተሰቡ መሬት ላይ በተነጠፈ ወፍራም ነገር ላይ፣ ከገደል አፋፍ ርቆ ይቀመጥ። በእያንዳንዳቸው አጠገብ የሚደግፍ፣ በርኖስ የሚደርብና ሞቅ ያለ ሻይ የሚያቀምስ አንድ ሰው ይመደብ። ሙሾ የምታወርድ ካለችም ተቀምጣ ታውርድ።

ጧፍ ማብራት የሚፈልግ ቢኖር ድንጋይ ወይም ባዶ አፈር ላይ ብቻ ይብራ፤ የጓሳው ሣርና አስታው በደረቁ ወራት እንደ ጭድ ስለሚቀጣጠሉ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀው፤ ሲጨርስም በውኃ ያጥፋው። በጅብራ ግንድ ላይ ስም መቅረጽም ጨርቅ ማሰርም አይገባም፤ ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። የፕላስቲክ አበባና ፊኛ አይወሰድ። ቋሚ መታሰቢያ የሚፈልግ ቤተሰብ ከቀበሌው ግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ በክረምት ኮሶ ወይም ቀርቀሃ ቢያስተክል፣ አለዚያም ለአካባቢው ምንጭ ማጎልበቻ ቢረዳ የበለጠ ይቆያል።

ዐሥረኛ፦ ሰው ሲታመም

በከፍታ ላይ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ከብርቱ ድካም ጋር ከመጣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ተደርጎ ይወሰድ። እንዲህ ያለው ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ ይረፍ፤ ውኃ ይጠጣ፤ ካልተሻለው ይውረድ። ሦስት ምልክቶች ግን ጊዜ አይሰጡም፦ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ማጠር፣ የሚያስጨንቅ ሳል፣ መወላገድ ወይም መቃዠት። የተጠራጠረ ሰው ሕመምተኛውን ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያስነካ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ይጠይቀው፤ ካልቻለ ወዲያውኑ ይውረድ። ብቻውን አይላክም፤ አንድ ጉልበት ያለውና አንድ ዘመድ ይከተሉት። ቆሞ የሚጠብቀው መኪና በሮብ ገበያ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይውሰደው፤ ቁልቁል መውረዱ ራሱ የመጀመሪያው ሕክምና ነው። ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ልጠብቅ አይባልም፤ በሌሊት አይነዳም የሚለው ደንብ የሚሻረው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህም ሲባል በሌሊት ማለፍ የሚቻልበትን ሁኔታ ከወረዳው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ዐሥራ አንደኛ፦ መውረድና ሒሳብ መዝጋት

ከመነሣት በፊት ቆሻሻው በሙሉ በማዳበሪያ ተሰብስቦ ይጫን፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ የተቆፈረ ይሁን፤ በአፈርም በደንብ ይደፈን። ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ተቆጥሮ ስም ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረግ። ለመሪውና ለጫኞቹ የሚከፈለው ገንዘብ በዚያው ዕለት በእጃቸው ወይም በቴሌብር ይድረስ፤ «በኋላ እንልካለን» አይባል። ወረዳውና ቀበሌውም ቡድኑ በደኅና መውጣቱ ይነገራቸው።

በወረዱበት ዕለት ረጅም መንገድ አይጀመር፤ ደብረ ማርቆስ አድሮ በማግሥቱ መመለስ ይሻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ከነደረሰኙ ለተጓዦች ያቅርብ፤ የተረፈው ገንዘብ ምን እንደሚደረግበትም ቤተሰቡ ባለበት ይወሰን።